የመጀመሪያ አንቴናዬን የት ልዘርጋ? ጓሮዬ ጠባብ ነው፣ ያለኝ ዛፍ አንድ ነው

የደሴው ልጅ (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ፈተናውን አለፍኩ። መጀመሪያ ቴክኒሺያን የሚባለውን ደረጃ፣ ከሁለት ወር በኋላ ቀጣዩን፣ ጄነራልን። ሁለቱም 35 ጥያቄ ናቸው፣ 26 ከመለስክ ታልፋለህ። አየር ላይ የምታወቅበት የጥሪ ስሜ መጥቷል። ባለ 100 ዋት ያገለገለ ሬዲዮም ገዝቻለሁ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። አንቴና ግን የለኝም።

ይሄ ፍቅር ከየት እንደመጣብኝ ልንገራችሁ። ደሴ እያለን አባቴ ማታ ማታ የዶቼ ቬለን አማርኛ ያዳምጥ ነበር። ጣቢያው ሲጠፋበት ረጅም የመዳብ ሽቦ ያመጣና ጫፉን በቢላ ልጦ የሬዲዮው አንቴና ላይ ይጠመጥመዋል። ሌላውን ጫፍ በመስኮት አውጥቶ ከጣራው ቆርቆሮ ጋር ያስረዋል። ያ ጩኸት ቀስ ብሎ ወደ ሰው ድምፅ ሲለወጥ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

አሁን ያለሁት ታውንሃውስ ውስጥ ነው። ከላይኛው ፎቅ የኋላ መስኮት እስከ ጓሮው መጨረሻ ዛፍ ድረስ 12 ሜትር ለካሁ። መስኮቱ ከመሬት 6 ሜትር ገደማ ነው። የሰፈሩ ማኅበር ደንብ ውጭ የሚታይ አንቴና አይፈቅድም። አንድ ጎረቤቴ ሳህን ሰቅሎ ሲከራከሩት አሸንፏል፣ መንግሥት ይፈቅድልኛል ብሎ። ለእኔም ይሠራል? ዳይፖል፣ ማለትም ኬብሉ መሀሉ ላይ የሚገናኘው ሽቦ፣ ይሻላል ወይስ ከአንድ ጫፍ የሚመገበው? ምኞቴ አንድ ቀን አዲስ አበባን መስማት ነው።

ከኮርኒስ በላይ (ቨርጂኒያ)

እንኳን ደስ ያለህ! የሳህኑ ሕግ ላንተ አይሠራም። እሱ የቴሌቪዥን ሳህንና የኢንተርኔት መቀበያን ነው የሚጠብቀው፣ የአማተር ሬዲዮን አይነካም። በፈረንጆቹ 1985 የወጣው የአማተሮች ደንብ ደግሞ የሚያስገድደው ክፍለ ግዛትና ከተማን ነው። ቤት ስትገዛ የፈረምከውን የማኅበር ውል አይሽርም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

የእኔ ምክር ከኮርኒሱ በላይ ነው። እኔ ዳይፖሌን ከጣራው እንጨት ሥር በፕላስቲክ ማሰሪያ ከሰቀልኩ አራት ዓመቴ ነው። ማንም አያየውም፣ ዝናብም አይነካውም።

የደሴው ልጅ

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ዛሬ መሰላል ይዤ ወጣሁ። ከጣራው ሥር ያለው ሰሌዳ በሙሉ በብር ወረቀት የተለበጠ ነው፣ ሙቀት እንዳይገባ ይመስለኛል። ችግር አለው?

ሃምሳ ኦም (ዴንቨር)

ወንድሜ፣ የብር ወረቀት ካለ ኮርኒሱን እርሳው። ሞገዱ አልሙኒየም አያልፍም። ድስት ውስጥ አንቴና እንደ መስቀል ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከቤትህ ጀርባ የመብራት ሽቦ ያልፋል? ካለፈ ሌላውን ሁሉ አቁምና ቦታ ቀይር። ሽቦህ ወይም መሰላልህ ቢወድቅ እንኳ ከመብራት መስመር ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ አለበት። ገመድ ወርውረህ ዛፍ ላይ ስታሳልፍም እንደዚያው። በዚህ ነገር ሰው ሞቷል፣ ስለዚህ ደጋግሜ እናገራለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። እኔ ለጀማሪ ዳይፖል እወዳለሁ፣ ምክንያቱም ምንም የሚደብቀው ነገር የለም። 142.65ን ለምትፈልገው ፍሪኩዌንሲ (በሜጋ ኸርዝ) ታካፍላለህ፣ ርዝመቱ በሜትር ይመጣል። ለ14.2፣ 20 ሜትር በሚባለው ባንድ፣ ስትሠራው 10.05 ሜትር ነው። ግን ዳይፖል የሚመገበው ከመሀል ነው። ኬብሉ ከጓሮህ መሀል ተንጠልጥሎ ይታያል፣ ማኅበሩ ደግሞ በማግሥቱ ደብዳቤ ይልክልሃል። ስለዚህ ላንተ ከአንድ ጫፍ የሚመገብ የግማሽ ሞገድ ሽቦ ይሁን። ከመስኮቱ ተነስቶ ዛፉ ላይ ያልቃል። ቀጭን ጥቁር ሽቦ ከሆነ ከሩቅ ዓይን በቀላሉ አይለየውም። በ20 ሜትር ባንድ ይሠራል፣ በ10 ሜትርም እንዲሁ፣ ፍሪኩዌንሲው ሁለት እጥፍ ስለሆነ።

የዚህ ሽቦ ጫፍ ተቃውሞ ወደ 2,450 ኦም ይጠጋል፣ ሬዲዮህ የሚፈልገው 50 ነው። ስለዚህ 49 ለ1 ትራንስፎርመር መሀል ይገባል። በውስጡ የአንደኛው ጥቅል ዙር የሌላው 7 እጥፍ ነው፣ 7 በ7 ሲባዛ 49። ተሠርቶ ይሸጣል። ሳጥኑ ላይ 100 ዋት ተብሎ ቢጻፍም ለንግግር ማለት ነው። በኤፍ.ቲ.8፣ በኮምፒውተር አጭር ጽሑፍ በሚላክበት ዘዴ፣ ከሠራህ ያለማቋረጥ ስለሚያስተላልፍ የትራንስፎርመሩ ቀለበት ይግላል። ከ30 ዋት አትለፍ።

የእኔን ጥፋት ልንገርህ፣ አትድገመው። የመጀመሪያ አንቴናዬን ስሰቅል ቾክ፣ ማለትም በኬብሉ ላይ የሚመለሰውን ጅረት የሚያግድ ነገር፣ አላደረግኩም። ማይክሮፎኑን ይዤ ስናገር ብረቱ ከንፈሬን ቆነጠጠኝ። ልክ እንደ መርፌ። ሳሎን ያለው ድምፅ ማጉያ በእኔ ድምፅ ይንጫጫ ጀመር፣ ልጄ ደንግጣ መጣች። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጅረቱ የሚመለስበት መንገድ ስላጣ በኬብሉ ውጭ ሽፋን ተመልሶ ቤት ገባ። ኬብሉ ራሱ አንቴና ሆነ ማለት ነው። መፍትሔው ትልቅ የፌራይት ቀለበት ነው፣ ሚክስ 31 የሚባለው። ኬብሉን ከ10 እስከ 12 ጊዜ ቀለበቱ ውስጥ ታዞረዋለህ። ከትራንስፎርመሩ 1 ሜትር ዝቅ ብለህ አድርገው። ያቺ 1 ሜትር ኬብል የጅረቱ መመለሻ ትሆናለች። እኔ ይህን ባደረግኩ ቀን ሳሎኑ ፀጥ አለ።

ሽቦውን 10.40 ቁረጥ። ረጅም ይሁን፣ ማሳጠር ይቻላል፣ መቀጠል ግን ራስ ምታት ነው። ሰቅለህ በመለኪያ ኤስ.ደብሊው.አሩ (ከአንቴናው ምን ያህል ኃይል እንደሚመለስ የሚያሳየው ቁጥር) ዝቅ የሚልበትን ቦታ ፈልግ። 13.7 ላይ ካገኘኸው 10.40ን በ13.7 አባዛና በ14.2 አካፍል። 10.03 ይመጣል፣ ትርፉ 37 ሳንቲ ሜትር ነው። አትቁረጠው! ወደ ኋላ አጥፈህ በራሱ ላይ ጠምጥመው፣ በናስትሮ እሰረው። ነገ ሐሳብህን ብትቀይር ትፈታዋለህ። 1.5 ላይ ካረፍክ በቂ ነው፣ ተመላሹ ኃይል 4 በመቶ ብቻ ነው። 1.1 እስኪሆን ብለህ ቅዳሜህን አትጨርስ።

መብረቅን አትናቅ። ደመና ሲጠቁር ኬብሉን ከሬዲዮው ንቀለው። ወደ ቤት ከመግባቱ በፊትም የመብረቅ መከላከያ አድርግለት። የምትተክለው የኧርዝ ዘንግ ከቤቱ ዋና ኧርዝ ጋር መታሰር አለበት። ለብቻው የቆመ ዘንግ ራሱ አደጋ ነው። የሽቦው ጫፎች ላይ ቮልቴጁ ከፍተኛ ስለሆነ እጅ አይድረስባቸው። ያ መስኮት የልጆች መኝታ ከሆነ ሌላ መስኮት ፈልግ።

ዛፉ ከቤትህ በየት በኩል ነው?

የደሴው ልጅ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመብራት ሽቦ የለም፣ በሰፈራችን በመሬት ውስጥ ነው የሚሄደው። መስኮቱ የዕቃ ክፍል ነው። ዛፉ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው።

ሃምሳ ኦም

ጥሩ ዕድል ነው። ከአንተ ሰፈር አዲስ አበባ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አቅጣጫው ግን ካርታ ላይ እንደሚመስለው ወደ ደቡብ ምሥራቅ አይደለም። በምድር ክብ ላይ አጭሩ መንገድ 66 ዲግሪ ነው፣ ሰሜን ምሥራቅን ትንሽ አልፎ። ሽቦ አብልጦ የሚያስተላልፈው በጎኑ ነው፣ የአንተ ሽቦ ጎን ደግሞ ወደዚያው ያያል። ግን ብዙ አትመካበት። 6 ሜትር ለ20 ሜትር ባንድ ዝቅተኛ ነው፣ ግማሽ ሞገዱ 10 ሜትር ስለሆነ። ዝቅ ያለ ሽቦ ኃይሉን ወደ ሰማይ ይረጨዋል። የዛፉን ጫፍ በቻልከው መጠን ከፍ አድርገው።

አምስት ኪሎ (አዲስ አበባ)

ከዚህ ሆኜ ሳነበው ደስ አለኝ። እዚህ የምትሰማው የክለቡን ጣቢያ ነው፣ ኢ.ቲ.3.ኤ.ኤ፣ የዩኒቨርሲቲው ቴክኖሎጂ ግቢ ውስጥ ያለው። ሁልጊዜ አየር ላይ ስለማይኖር ትዕግሥት ይፈልጋል። እኛ ጋ ምሽት 2 ሰዓት ሲሆን አንተ ጋ በበጋችሁ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ በክረምታችሁ 6 ሰዓት ነው። ከዚያ ሰዓት ጀምረህ 20 ሜትርን ፈትሽ። መዝገብህን ግን በዓለም አቀፉ ሰዓት ያዝ፣ አለበለዚያ በሁለቱ አቆጣጠር መሀል ትጠፋለህ።

አንድ ማሳሰቢያ። ለዕረፍት ስትመጣ ሬዲዮህን በሻንጣ ይዘህ እንዳትመጣ፣ ፈቃዱን አስቀድመህ ካልጨረስክ በቀር። የሬዲዮ መሣሪያ እዚህ ፈቃድ ይፈልጋል።

የደሴው ልጅ

ወንድሞቼ፣ እህቴ፣ ተሰቀለ!

ቅዳሜ ጠዋት የዓሣ ማጥመጃ ክር ላይ እርሳስ አስሬ ወረወርኩ። በአምስተኛው ከ8 ሜትር በላይ ያለ ቅርንጫፍ ያዘልኝ። በክሩ ገመዱን ሳብኩ፣ በገመዱ ሽቦውን። ዛፉ በነፋስ ሲወዛወዝ እንዳይበጠስ ትንሽ ላላ አድርጌዋለሁ። መለኪያው መጀመሪያ 13.7 ሳይሆን 13.72 አለኝ፣ ሳየው ሳቄ መጣ። 35 ሳንቲ አጠፍኩ። አሁን 14.2 ላይ 1.4 ነው።

ሬዲዮውን ስከፍት ግን ጩኸት ብቻ ነበር፣ የሞገዱን ጥንካሬ የሚያሳየው መርፌ ኤስ 7 ላይ ቆሟል። በጣም ከፋኝ። በኋላ ሬዲዮውን በባትሪ አድርጌ የቤቱን ብሬከሮች አንድ በአንድ አጠፋሁ። አራተኛው ላይ መርፌው ዝቅ አለ። የሳሎኑ ቴሌቪዥን ሳጥን ቻርጀር ነው ጥፋተኛው። ነቀልኩት፣ ኤስ 3 ገባ።

ከዚያ ጣቢያዎች መሰማት ጀመሩ። ድምፃቸው መጀመሪያ የራቀ፣ ቀጥሎ ጥርት ያለ፣ ልክ እንደዚያን ጊዜ። በሁለተኛው ጥሪዬ አንድ ፖርቱጋል ያለ ሰው መለሰልኝ። ስሜን ሦስት ጊዜ ደገመው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር የጻፍኩት።

አዲስ አበባን ገና አልሰማሁም። ነገ ከቀኑ 7 ሰዓት እቀመጣለሁ።

ማታ ለአባቴ ደወልኩለት። ፖርቱጋልን በሽቦ አናገርኩ አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ሽቦው ስንት ሜትር ነው?» አለኝ። 10 ሜትር ከ5 ሳንቲ አልኩት። «ጫፉን ደህና አድርገህ ልጠኸዋል?» አለኝ።