ተነስ ሲሉት የሚያጉረመርም ውሻ፦ እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፍላችሁ ከደሴ፣ ከሆጤ ሰፈር ነው። ቋሚ ባለቤት እስኪገኝለት አንድ የጎዳና ውሻ በአደራ ተቀብያለሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ተከትቧል። ጠባዩ መልካም ነው፤ ከልጆቹ ጋር ይጫወታል፣ ምግብ ላይ አይጣላም።

ችግሩ መኝታው ላይ ነው። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ማታ ማታ ከሰል ምድጃው አጠገብ ጥቅልል ብሎ ይተኛል፣ መተላለፊያው ላይ። ተነስ ስለው መጀመሪያ ሰውነቱ ድርቅ ይላል። ራሱን ሳያዞር በዓይኑ ጠርዝ ያየኛል። ከዚያ ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ ከጉሮሮው ያጉረመርማል። እስካሁን ማንንም አልነከሰም።

ጎረቤቶች «በዱላ ነው የሚሻለው» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ማጉረምረሙ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በዱላ ካስተውነው ነገ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ደግሞ እናቴ ከዘራዋን ይዛ ስታልፍ ይብስበታል፤ ምስኪን፣ ሳይደበደብ አልቀረም።

ራቅ ብዬ ዳቦ እያሳየሁ ስጠራው ጅራቱን እየቆላ ይመጣል። ባዶ እጄን ስሆን ግን ንቅንቅ አይልም። ዳቦውን ቀስ በቀስ እንዴት ልቀንስ? ጠዋት ሲነሳ የኋላ እግሩን ያነክሳል፤ ሕመም ይሆን እንዲህ የሚያደርገው? እዚህ የማውቀው ሐኪም በብዛት የሚያክመው ከብትና በግ ነው። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የውሻ እግር አይቶ የሚያክም የምታውቁ ካላችሁ በአላህ፣ በእመቤቴ ጠቁሙኝ።