ጥናቱ ከታተመ በኋላስ?

በግሩፓችን የተነሳው ጥያቄ ይሄ ነው። የሶፍትዌር ምህንድስና ተመራማሪ ጥናቱን ዲቨሎፐር (ፕሮግራም የሚጽፍ ባለሙያ) በየቀኑ የሚጠቀምበት መሣሪያ የማድረግ ግዴታ አለበት ወይስ ጽሑፉን ካሳተመ ሥራው አለቀ? (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የማታ ተማሪ፦ እኔ ግዴታ አለበት ባይ ነኝ። ለማስተርስ መመረቂያዬ በጃቫ ኮድ ውስጥ የተደጋገመ ክፍል እየፈለገ የሚያወጣ ፕሮግራም ሠራሁ። ፈታኞቼ ወደዱት። ጽሑፉ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ወጣ፣ በቃ። ፕሮግራሙን አንድ ሰው እንኳ አልሞከረውም። አሁን እኔ ራሴ በአዲሱ ላፕቶፔ ላይ ማስነሳት አቅቶኛል። ያንገበግበኛል።

መምህሩ፦ ልጄ፣ ሐዘንህ ይገባኛል። ግን ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው ነው። በ1988 የዊስኮንሲኑ ባርተን ሚለር ዝናብና መብረቅ ባለበት ምሽት በስልክ መስመር ሲሠራ፣ ከመስመሩ የሚገባው ረብሻ ፕሮግራሞችን ሲጥል አየ። ተማሪዎቹ ፕሮግራሞችን በዘፈቀደ በተፈጠረ ፊደል እንዲፈትኑ አደረገ። በ1990 በወጣው ጥናት ከተሞከሩት ዩኒክስ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፕሮግራሞች ከሩብ እስከ ሲሶው ወድቀዋል። ዛሬ ፈዚንግ የምንለው ከዚያ መጣ። ጉግል ኦኤስኤስ-ፈዝን፣ ክፍት ኮድ ያላቸውን ፕሮግራሞች በዚሁ መንገድ ሳያቋርጥ የሚፈትነውን አገልግሎት፣ የጀመረው ግን በ2016 ነው። ሐሳብ እስኪበስል ጊዜ ይፈልጋል። ተመራማሪውን አታጣድፉት።

ኮድ ገምጋሚዋ፦ መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ምሳሌዎ ለኛ ነው የሚመሰክረው። ሚለር የፈተነበትን ፕሮግራም ለማንም ክፍት አድርጎ ለቅቋል። ጽሑፍ ብቻ አልተወልንም።

ደግሞ ኢንፈርን እንይ፤ ኮድን ሳያስኬድ እያነበበ ስህተት የሚፈልግ የፌስቡክ መሣሪያ ነው። መነሻው ሴፓሬሽን ሎጂክ የሚባል፣ ፕሮግራም የኮምፒውተሩን ሜሞሪ እንዴት እንደሚጠቀም በሒሳብ የሚፈትሽ ንድፈ ሐሳብ ነው። ተመራማሪዎቹ ለንደን ውስጥ ሞኖይዲክስ የሚባል ኩባንያ አቋቋሙ፣ ፌስቡክ በ2013 ገዛው። መጀመሪያ ኢንፈር ማታ ማታ ኮዱን እየፈተሸ የስህተት ዝርዝር ያወጣ ነበር። ዝርዝሩ ለዲቨሎፐሮቹ ተሰጠ። የሚያርመው ጠፋ፤ ወደ ዜሮ የተጠጋ ነበር! ከዚያ ያንኑ ትንታኔ ኮድ ሪቪው ላይ፣ ማለትም አዲስ ኮድ ከመግባቱ በፊት ባልደረባ የሚገመግምበት ደረጃ ላይ፣ አስገቡት። ዲቨሎፐሩ ለውጡን ሲልክ ማስጠንቀቂያው እዚያው ይመጣለታል። የሚታረመው ከ70 በመቶ በላይ ሆነ። ሒሳቡ ያው ነው፣ የተሳሳተ ማንቂያው መጠንም ያው ነው። የተቀየረው የሚደርስበት ሰዓት ነው። ሰው ትናንት የጻፈውን ኮድ ዛሬ ረስቶ ሌላ ሥራ ጀምሯል፤ እጁ ላይ እያለ ስትነግረው ግን ያርማል። ይሄን ወረቀት ላይ ተቀምጦ ማን ያውቀዋል? ለኔ ይሄ ራሱ ምርምር ነው።

ስታርታፕ ላይ ያለሁት፦ ልክ ነሽ፣ ግን ፌስቡክ ገንዘብ አለው። እኛ አራት ዲቨሎፐሮች ነን። አንዱን መሣሪያ አስገብተን በመጀመሪያው ቀን መዓት ማስጠንቀቂያ አወረደብን። በሳምንቱ አጠፋነው። ጉግል ትራይኮርደር በሚባለው የኮድ መፈተሻው ላይ ዲቨሎፐሩ ምንም ያላደረገበትን ማስጠንቀቂያ እንደ መሣሪያው ስህተት ይቆጥራል፤ ይሄ ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይጠይቃል። ተመራማሪዎች በዚህ መለኪያ ቢሠሩልን እኔ ሌላ አልፈልግም።

መምህሩ፦ እሺ፣ ስለ ሰዓቱ ያነሳሽው አሳምኖኛል። ግዴታ በሚለው ግን አልስማማም። የመምህር እድገት የሚቆጠረው በታተመ ጽሑፍ ነው። መሣሪያ የሚንከባከብበትን ጊዜ ማን ይሰጠዋል? መጀመሪያ እሱ ይቀየር፣ ከዚያ ግዴታ በሉ።

የማታ ተማሪ፦ እስከዚያ እኔ ምን ላድርግ?

ኮድ ገምጋሚዋ፦ ኮዱን ጊትሃብ ላይ (ሰው ኮዱን የሚያጋራበት ድረ ገጽ) አውጣው። ሰኞ ቡድናችን በሚልካቸው ለውጦች ላይ እሞክረዋለሁ። ካልተነሳ አብረን እናስነሳዋለን።

መምህሩ፦ ሊንኩን ለኔም ላክልኝ። ዘንድሮ የሚመረቁ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ከናንተ ጋር ይሥሩበት።