በምሰሶ ላይ የሚወጣ ኦርኪድ ለአፓርታማ፦ የቱ ይሻላል?

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ፣ አሜሪካ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ተከራይ ስለሆንኩ ግድግዳ መብሳት አልችልም። ሳሎን ውስጥ በምሰሶ ላይ የሚወጣ ኦርኪድ ማሳደግ እፈልጋለሁ። ጣሪያው 2.4 ሜትር ነው፤ መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ያያል። ሱፐርማርኬት ውስጥ በዘንግ ታስሮ የሚሸጠው ይሆናል?

መልስ፦ እህቴ፣ የሱፐርማርኬቱ ፋላኖፕሲስ የሚባለው የኦርኪድ ዓይነት ነው፤ እሱ አይወጣም። ዘንጉ የተሰካለት አበባ የተሸከመው አገዳ እንዳይወድቅ ነው። ለምሰሶ የሚሆነው ግንዱ ሳያቋርጥ የሚረዝምና ከየአንጓው የአየር ሥር የሚያወጣ ነው። ለምሥራቅ መስኮት ቫኒላ ፕላኒፎሊያን ውሰጂ፤ ቅመሙ የሚገኝበት ሐረግ ራሱ ነው። የጠዋት ፀሐይና ቀሪውን ቀን ለስለስ ያለ ብርሃን ይወዳል። ቅጠሉ ላይ ሰንበር ያለበት ዓይነት ዝግ ብሎ ስለሚያድግ ለጠባብ ቤት የበለጠ ይመቻል።

የሲንጋፖር ብሔራዊ አበባ የሆነውን ሚስ ጆአኪም የተባለ ኦርኪድ ፎቶውን አይቶ የሚመኝ ብዙ ነው። ቀኑን ሙሉ ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል፤ በደንብ የሚያብበውም ጫፉ ምሰሶውን አልፎ ሲወጣ ነው። ማያሚ ግቢ ላለው ሰው መልካም ነው፣ ለቨርጂኒያ ሳሎን ግን አይሆንም።

የቫኒላውን ቁራጭ፣ ማለትም ለመትከል የተቆረጠውን ግንድ፣ እዚያው አገር ውስጥ ካለ ሻጭ ግዢ። ኦርኪዶች በሙሉ የብርቅዬ ተክልና እንስሳት ንግድን በሚቆጣጠረው፣ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሥር ስለሆኑ፣ ያለ ወረቀት በሻንጣ የመጣ ተክል ኤርፖርት ላይ ይወረሳል። ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይመረጣል፤ አጭሩ ርካሽ ቢሆንም ብዙ ያስጠብቃል።

ሁለተኛ መልስ፦ አተካከሉን ልጨምር። 1.5 ሜትር የሚሆን ምሰሶ፣ ላዩ ሻካራ እንጨት ወይም ስፋግነም ሞስ በተባለ ውሃ በሚይዝ ሽበት የተጠቀለለ፣ ይበቃል። ለአጥር ተብሎ በኬሚካል የተነከረ እንጨት አይሁን። ከባድ የሸክላ ማሰሮ፣ አፉ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ውሰጂ። መጀመሪያ ምሰሶውን እስከ ማሰሮው ወለል አቁሚ፣ ዙሪያውን በድንጋይ አጥብቂ፣ ከዚያ ለኦርኪድ መትከያ የሚሸጠውን የዛፍ ቅርፊት ሙዪበት። ተክሉ ከገባ በኋላ ምሰሶ መስካት ሥር ይሰብራል።

ቁራጩ ላይ የታችኞቹን ሦስት ቅጠሎች አንሺ። ጭማቂው ቆዳ ያሳክካል፣ ጓንት አድርጊ። ቁስሉ እስኪደርቅ አንድ ሳምንት ጥላ ውስጥ አቆዪው። ከዚያ ባዶዎቹን አንጓዎች ቅርፊቱ ላይ አጋድሚያቸው፤ በጥልቀት አትቅበሪ። የቀረውን ግንድ የአየር ሥሩ በሚወጣበት ጎን ወደ ምሰሶው አዙረሽ፣ በተቆረጠ የናይሎን ካልሲ ላላ አድርገሽ እሰሪ። ክርና ሽቦ ግንዱን ይቆርጣሉ።

ከማሰሮው ይልቅ ምሰሶውን አርጥቢ። ሥር ደረቅ እንጨት አይዝም፤ ጫፉ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። በክረምት የቤት ማሞቂያው አየሩን ስለሚያደርቅ ትንሽ የእርጥበት መስጫ ማሽን ያስፈልጋል። ሌሊት ከ15 ዲግሪ በታች አይውረድበት፤ ከመስኮቱ መስታወት ጋር የተጣበቀ ቅጠል ይመታል።

ጥያቄ (ሜሪላንድ)፦ የኔ ቫኒላ ግንዱ ከታች ጠቁሮ ለሰለሰ። ላዩ አረንጓዴ ነው። ውሃ ልጨምርለት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዳትጨምር! ያ መበስበስ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁልጊዜ ረጥቦ በሚያድር አፈር ውስጥ ፉሳሪየም የተባለ ፈንገስ ነው የሚያመጣው። በአልኮል የተጠረገ ቢላ ይዘህ ከጥቁሩ በላይ ቁረጥ። የተቆረጠው ፊት መሃሉ ላይ ቡናማ ነጥብ ካሳየህ ገና አልጨረስክም፣ አንድ አንጓ ወደ ላይ ሂድ። ንጹሕ አረንጓዴ ሲሆን አቁም፣ አድርቀህ በአዲስ ቅርፊት ትከለው። የአየር ሥሩ ምሰሶው ላይ ከያዘ፣ የታችኛው ቢጠፋም የላዩ ይተርፋል። ምሰሶውን አርጥቡ የሚባለው ለዚህም ነው።

ጥያቄ (ቨርጂኒያ)፦ አመሰግናለሁ። ጫፉ ምሰሶውን ሲያልፍ ይቆረጣል? አበባስ ያወጣል?

መልስ፦ አይቆረጥም። ቀስ ብለሽ ወደ ታች አጥፊና እንዲንጠለጠል ተዪው፤ የሚያብበው በተንጠለጠለው ክፍል ላይ ነው። ግን ሐረጉ ብዙ ሜትር መርዘም አለበት፣ ዓመታትም ይፈጃል፤ ቤት ውስጥ ላያብብም ይችላል። ካበበ እያንዳንዱ አበባ ጠዋት ተከፍቶ በዚያው ቀን ይጠወልጋል፤ ፍሬ ከፈለግሽ በእጅ ማዳቀል አለብሽ። ዘዴውን በ1841 በሕንድ ውቅያኖስ ባለችው ሬዩንየን ደሴት ላይ ያገኘው ኤድሞን አልቢየስ የተባለ የ12 ዓመት ባሪያ ልጅ ነው፤ ዛሬም እርሻው ሁሉ በሱ ዘዴ ይሠራል። በጥርስ መፋቂያ እንጨት በወንዴና በሴቴው መካከል ያለችውን ስስ ሽፋን ወደ ላይ አንሺ፣ ከዚያ ሁለቱን በአውራ ጣት ጫን አድርጊ። በነጋታው አበባው ካልረገፈ ይዟል፤ ፍሬው ለመድረስ ከ8 እስከ 9 ወር ይወስዳል።