ኮሮላ 110፦ የፊት ብራቾ ቦኮላ ቅየራና መኪናውን 3 ሳንቲ ማውረድ በአንድ ላይ ይሠራል?

ባለ 110

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ኮሮላ 110 ቦዲ፣ የ1998 ሞዴል፣ ማንዋል ካምቢዮ ነው። ፍሬን ሲያዝ ወደ ግራ ይስባል፤ ፍጥነት መግቻ ላይ ቀስ ብሎ ሲወጣ ከፊት «ጓ» የሚል ድምፅ አለው፤ የፊት ግራ ጎማ ደግሞ በውስጥ በኩል ተበልቷል። ከስር ሲታይ የብራቾው (ጎማውን ከሻሲው ጋር የሚያያይዘው የታች ክንድ) የኋላ ቦኮላ (ብራቾው ከሻሲው ጋር የሚታሰርበት ባለ ላስቲክ መገጣጠሚያ) ላስቲኩ ተሰንጥቆ ከብረቱ ተላቋል። ቴስቲናዎቹ (ብራቾውን በጎማው በኩል የሚያገናኙት የኳስ መገጣጠሚያዎች) በሌቨር ሲነቀነቁ ጨዋታ የላቸውም። ሾኮቹ ኦሪጅናል ናቸው፤ ዘይት አያፈሱም።

ከተከፈተ አይቀር መኪናውን ወደ 3 ሳንቲ ማውረድ ይፈለጋል። ጎማው 175/65 R14 ነው። ጥያቄዎቹ፦ ቦኮላ ብቻ ነው የሚቀየረው ወይስ ሙሉ ብራቾ? ፕሬስ በሌለበት ቤት ቦኮላ ይገባል? ሞላ ይቆረጥ ወይስ አጭር ሞላ ይገዛ? የትኛውስ ይቅደም?

ቶርኖ ቤት

ከመጨረሻው ልጀምር፣ ሌላውን የሚወስነው እሱ ስለሆነ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሥራቸው፤ የብራቾውን ብሎኖች ግን መኪናው አዲሱ ከፍታ ላይ እስኪቆም ድረስ አታጥብቅ።

የላስቲክ ቦኮላ አይሽከረከርም። ላስቲኩ ከውስጡም ከውጩም ቱቦ ጋር ተጣብቆ ነው የሚሠራው፤ ብራቾው ሲወጣና ሲወርድ ላስቲኩ ይጠመዘዛል እንጂ አይንሸራተትም። ብሎኑ ሲጠብቅ የውስጡ ቱቦ ባለበት ይታሰራል። መኪናው ተንጠልጥሎ፣ ብራቾው ወደ ታች ወርዶ እያለ ካጠበቅከው፣ መኪናው መሬት ሲነካ ላስቲኩ ገና ሳይነዳ ተጠምዝዟል ማለት ነው። በየጉድጓዱ የሚጨመርበት በዚያ ላይ ነው። አዲስ ቦኮላ ገብቶለት በወራት ውስጥ የሚቀደድ መኪና አብዛኛውን ጊዜ በሽታው ይሄ ነው፤ ዕቃው «ፎርጅድ ነው» ተብሎ ይሰደባል እንጂ። ዛሬ ቦኮላ ቀይረህ በሚቀጥለው ወር ብሎኑን ሳትነካ 3 ሳንቲ ብታወርደውም ውጤቱ ያው ነው፣ የሚጠመዘዘውም ወደዚያው አቅጣጫ ነው።

ቦኮላ ወይስ ብራቾ? ብራቾው ካልተጣመመና ካልዛገ ቦኮላ ይበቃል። ታችኛው ቴስቲና በዚህ መኪና ላይ በአንድ ብሎንና በሁለት ዳዶ ከብራቾው ጋር የታሰረ ስለሆነ ለብቻው ይቀየራል፤ ደህና ከሆነ አትንካው። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ብራቾ ከነቦኮላው ይገኛል፣ ግን ያ ቦኮላም ካንተው መኪና ጋር ተቀራራቢ ዕድሜ እንዳለው አትርሳ። ብረቱን ፈልገህ ከሆነ ግዛ፣ ላስቲኩን ፈልገህ ከሆነ አትግዛ። ሁልጊዜም ግራና ቀኝ አብሮ ይቀየራል።

አከፋፈቱ፦

ከአንድ ቀን በፊት ብሎኖቹ ላይ የዝገት ማላቀቂያ ርጭባቸው። የጎማ ዳዶዎቹን (21 ቡሶላ) መኪናው መሬት ላይ እያለ አላላ፤ ከዚያ ክሪክ፣ ከዚያ ሻሲው ስር ሁለት የብረት ማቆሚያ። ብሎኬት እንዳታስብ! ውስጡ ባዶ ነው፣ ሲሰበርም ቀድሞ አይነግርህም። የኋላ ጎማዎቹ ላይ ታኮ አድርግ።

የስታቢላይዘሩን (ግራና ቀኙን የሚያገናኘው፣ መኪናው እንዳያጋድል የሚይዘው ባር) ሊንክ በሁለቱም ጎን ፍታ። በአንዱ በኩል ብቻ ከፈታህ ባሩ ብራቾውን እየገፋ ያደክምሃል። የቴስቲናውን አንድ ብሎንና ሁለት ዳዶ ፈትተህ ብራቾውን ወደ ታች ስትገፋው ይለያል። እዚህ ጋ ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት ክፍል) ወደ ውጭ እንዳይወድቅ በሽቦ እሰረው፤ ከተለቀቀ የሲቪ ዘንጉ የውስጥ ጆይንት ከቦታው ይወጣል፣ ሥራውም ሌላ ሥራ ይሆናል። ከዚያ የብራቾው የፊት ብሎን፣ ቀጥሎ የኋላው መያዣ። ማንዋል ስለሆነ ተገላግለሃል፤ ኦቶማቲክ ካምቢዮ ላይ የግራው የፊት ብሎን ሲወጣ ካምቢዮው ጋር ሊጋጭና ክሮስሜምበሩን ዝቅ ማድረግ ሊጠይቅ ይችላል።

የኋላው ቦኮላ ክብ ቢመስልም አቅጣጫ አለው፤ ላስቲኩ ውስጥ ክፍተቶች ያሉት ባንድ በኩል እንዲላላ ተብሎ ነው። ሳታወጣው የክፍተቶቹን አቅጣጫ ብራቾው ላይ በነጥብ ወይም በቀለም ምልክት አድርግ። ዘጠና ዲግሪ ዞሮ ከገባ ይገባል፣ ይጠብቃልም፤ ግን ፍሬን ስትይዝ መኪናው መሳቡን አይተውም።

ያለ ፕሬስ ለማውጣት ላስቲኩን ዙሪያውን በድሪል ብሳውና መሃሉን አውጣ። የቀረውን የውጭ ቱቦ በሴጌቶ (የብረት መጋዝ) ከውስጥ ወደ ውጭ ቁረጠው፤ ብራቾውን ብረት ልትነካ ስትደርስ አቁም፣ በስኬልና በመዶሻ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ በራሱ ይለቃል። አቃጥሎ ማውጣት የተለመደ ነው፣ ግን ጭሱ መርዝ ነው፣ ብራቾውም በማይሆን ቦታ ይግላል።

ለማስገባት 12 ወይም 14 ሚሊ ሙሉ ጥርስ የወጣለት ዘንግ፣ ወፍራም ሮንዴላዎችና ሁለት ቡሶላ ይበቃሉ። አንዱ ቡሶላ የቦኮላውን የውጭ ቱቦ ጠርዝ ብቻ ይግፋ፣ ሌላው ሰፊው ደግሞ በብራቾው በኩል ቦኮላው የሚወጣበት ክፍት ይሁን። ላስቲኩን ወይም የመሃሉን ቱቦ ገፍተህ ካስገባኸው የተጣበቀው ላስቲክ በዚያው ይቀደዳል። ቀዳዳውን በብረት ብሩሽና በሸራ አጽዳ፣ ቦኮላውን ጥቂት ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ አቆየው፣ በሳሙና ውሃ አሙልጨው። ግራሶና ዘይት አይሆንም፣ ላስቲኩን ያሳብጠዋል። መጀመሪያ ጥቂት ሚሊ ሲገባ ቀጥ ማለቱን ካላየህ ሞርሳም ፕሬስም አያድንህም። የብራቾው ጆሮዎች ቀጫጭን ከሆኑ በመሃላቸው ልክ የሆነ የቧንቧ ቁራጭ ጣል፣ አለዚያ ይደፈጠጣሉ።

ዝቅታ

የቦኮላው ተብሏል። ስለ ሞላው ልጨምር።

3 ሳንቲ በኦሪጅናል ሾክ የሚቻለው ጫፍ ነው። ከዚያ በላይ ስትሄድ የሾኩ ዘንግ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ያልቅና መኪናው በባምፕ ስቶፑ (ሾኩ ጫፍ ሲደርስ የሚቀበለው ላስቲክ) ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። «ሞላው ጠነከረ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ሞላ አይደለም፣ ባምፕ ስቶፕ ነው። ለ30 ሚሊ አወራረድ ከባምፕ ስቶፑ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ይቆረጥለት፤ የሚቆረጠው ከሰፊው በኩል ነው፣ ሾጣጣው ጫፍ ይቅር፣ ለስለስ አድርጎ የሚቀበለው እሱ ነው። ጨርሶ አታውጣው።

አጭር ሞላ ካገኘህ እሱን ግጠም። መቁረጥም ይቻላል፣ ሁለት ነገር ከገባህ። አንደኛ፣ ሞላ ሲያጥር ይጠነክራል፦ 6 የሚሠሩ ዙሮች ካሉት አንዱን ስትቆርጥ ጥንካሬው በ20 በመቶ ይጨምራል፣ ያረጀው ሾክ ደግሞ ያንን የመያዝ አቅሙ ያንሳል፣ መኪናው ይዘላል። ሁለተኛ፣ ምን ያህል እንደሚወርድ መገመት አያስፈልግም። መኪናው በጎማው ቆሞ እያለ በሁለት ዙሮች መካከል ከሽቦው መሃል እስከ መሃል ለካ፤ አንድ ሙሉ ዙር ሲቆረጥ የፊቱ በግምት ያንን ያህል ይወርዳል። ሞላውን አውጥተህ ብትለካው ተዘርግቶ ነው የምታገኘው፣ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጥሃል። ብዙ ጊዜ ግማሽ ዙር ይበቃል። ግማሽ ቁረጥ፣ ግጠም፣ ለካ፤ የተቆረጠ አይቀጠልም።

በቀጭን የግራይንደር ዲስክ ብቻ ቁረጥ፣ እየቆየህ ውሃ አፍስበት። በኦክሲጅን ማሞቅ ወይም ሞላውን በእሳት ማስተኛት ክልክል ነው፤ የብረቱ ምት ይሞታል፣ አንዱ ጎን ሳምንት ሳይሞላ ይወድቃል። የሾኩ የታች ወንበር ላይ ለሞላው ጫፍ መቆሚያ የሚሆን ደረጃ አለ፤ የተቆረጠው ጫፍ እዚያ ደረጃ ላይ ይረፍ። መኪናው በክሪክ ሲነሳ ሞላው በእጅ የሚሽከረከር ከሆነ አጥሯል፣ ጉድጓድ ውስጥ ጎማው ሲወርድ ከወንበሩ ይወጣል ማለት ነው። እንደዚያ ከሆነ አጭር ሾክ ግዛ ወይም ሞላውን መልስ።

ሾኩን ስታወጣ ከላይ ያሉትን ሦስት ዳዶዎች ብቻ ነው የምትፈታው። የመሃሉ ዳዶ ሞላው በመጭመቂያ ተይዞ ከላይኛው ወንበር መላቀቁን በእጅህ ሳታረጋግጥ አይነካም፤ እሱ ከተፈታ ሞላው ፊትህ ላይ ነው የሚመጣው። ሁለቱን መጭመቂያዎች ፊት ለፊት አድርገህ በእጅ ቁልፍ ጥቂት ጥቂት እያፈራረቅህ አጥብቅ፣ በኤር ገን አይሆንም። የፍሬን ቱቦውን ከሾኩ ላይ ንቀል። ካሊፐሩን (የፍሬን ዲስኩን የሚጨብጠው ክፍል) ከነቱቦው አታንጠልጥለው።

የኋላውንም ተመጣጣኝ አድርገህ አውርድ። ፊት ብቻ ከወረደ ፍሬን ስትይዝ አፍንጫው ይሰምጣል፣ መብራቱም አስፋልቱን ብቻ ነው የሚያበራው። ቦሎ ስታድስ የቴክኒክ ምርመራው ላይ ስለተቆረጠ ሞላ ልትጠየቅ እንደምትችልም ቀድመህ እወቅ።

ባለ 110

እጅግ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ይቀራል። ፖሊዩሬታን ቦኮላ «አይጠመዘዝም፣ ተንጠልጥሎም ቢጠብቅ ግድ የለውም» ይባላል፣ እውነት ነው? ደግሞስ አዲሱ ከፍታ ላይ ቆሞ ይጥበቅ ሲባል መኪናው መሬት ላይ ከሆነ እጅ እንዴት ይገባል?

አራት ጎማ

ፖሊዩሬታኑ እውነት ነው፣ በመሃሉ ቱቦ ላይ ይሽከረከራል። ግን በዚህ ብራቾ ላይ ግማሽ መፍትሔ ነው። ኤል ቅርጽ ስላለው የፊቱ ቦኮላ በአብዛኛው መሽከርከር ነው የሚፈለግበት፤ የኋላው ግን ፍሬን ሲያዝ ወደ ጎንም ያዘነብላል፣ እንዲለሰልስ የተደረገውም ለዚህ ነው። ደረቅ ፖሊ እዚያ ሲገባ ብራቾው ይያዛል፣ የኮብልስቶን መንገዱ ሁሉ መሪው ላይ ይመጣል። ከፈለግህ ፊቱን ፖሊ፣ ኋላውን ላስቲክ አድርግ። ፖሊ የሲሊኮን ግራሶ ነው የሚፈልገው፤ አቧራ ሲገባበት ይጮሃል፣ መልሶ መቀባት አለ። ለአዲስ አበባ ዕለታዊ መኪና እኔ ላስቲክ በሁለቱም እላለሁ።

እጅ የሚገባበት ዘዴ፦ መጀመሪያ ሁሉንም ግጠም፣ የብራቾውን ብሎኖች ዳዶው እስኪነካ ብቻ አስገባ። ጎማ ግጠም፣ መኪናውን መሬት አውርድ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሁለት ሦስት ሜትር ግፋው፣ ፊቱን ደጋግመህ ተጫነው። ካልገፋኸው ጎማዎቹ ወደ ውስጥ እንደተሰበሰቡ መሬቱን ይይዙና መኪናው ከእውነተኛው ከፍታው በላይ ይቆማል። ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ለካ። ከመሬት አትለካ፣ የጎማ ንፋስ ያሳስትሃል። ሁለቱም ጎን ያለውን ቁጥር ጻፍ።

አሁን ወይ ሁለቱንም የፊት ጎማ ወፍራም የጣውላ ድርድር ላይ አውጥተህ ከስር ግባ፣ ወይ መልሰህ ማቆሚያ ላይ አድርገውና ጎማውን አውጥተህ በቴስቲናው ስር በክሪክ እየገፋህ ከሞዞው መሃል እስከ ፓራፋንጎው የጻፍከው ቁጥር እስኪመጣ አንሳ። ሻሲው ከማቆሚያው ሊነሳ ከጀመረ አቁም፤ ያን ጊዜ ጣውላው ይሻላል። እዚያ ቦታ ላይ ብሎኖቹን ለሞዴሉ በተጻፈው ልክ በቶርክ ሬንች አጥብቅ። የስታቢላይዘር ሊንኮቹም እዚያው፣ ሁለቱም ጎን እኩል ሆኖ። የጎማ ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር ነው፣ በመስቀል ቅደም ተከተል።

እግረ መንገድህን የብራቾውን ተዳፋት ተመልከት። መኪናው ቆሞ ሳለ የቴስቲናው ጫፍ ከውስጡ ቦኮላ ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። አግድም ከሆነ ጨርሰሃል፣ ከዚያ በላይ አታውርድ፤ ቴስቲናው ከፍ ካለ መኪናው ዝቅ ብሎም ጥምዝ ላይ ከበፊቱ የበለጠ ያጋድላል፣ በየጉብታውም መሪው በራሱ ይዞራል።

አላይመንት ከ200 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ፣ ሞላው ከተቀመጠ። እስከዚያ መሪውን ብቻ አስተካክለህ ንዳ። መኪና ሲወርድ ካምበሩ (ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዘነብልበት ልክ) ወደ ኔጌቲቭ፣ ማለትም ወደ ውስጥ ይሄዳል፣ ቶውም (የጎማዎቹ ፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚዞርበት ልክ) ይለወጣል፤ ጎማ በፍጥነት የሚበላው ግን ከካምበሩ ይልቅ የተበላሸው ቶ ነው። «ቶ ብቻ ነው የምንሠራው» ካሉህ ካምበሩን ቢያንስ አንብበው ይንገሩህ። ግራና ቀኙ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ከተለያዩ፣ ሾኩን ከናክሉ (ሞዞውን ከያዘው ብረት) ጋር ከሚያስሩት ሁለት ብሎኖች በአንዱ ቦታ የካምበር ብሎን አስገብቶ ማስተካከል ይቻላል። ያ ብሎን ከተላላ ካምበሩ ይሸሻል፣ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ስትነዳ መልሰህ አጥብቀው።

ዝቅታ

አንድ ነገር ብቻ፦ የግራ ጎማው የውስጥ ጠርዝ አስቀድሞ ተበልቷል ብለሃል። ያንን ጎማ ይዘህ አላይመንት ብትገባ ማሽኑ ልክ ቢልም መኪናው ወደ አንድ ጎን መሄዱን ላይተው ይችላል። የፊቶቹን ሁለቱን ወደ ኋላ አዛውር፣ ከዚያ ሞክረው። መሳቡ ፍሬን ስትይዝ ብቻ ከቀረ ደግሞ ቦኮላውን ተወውና የካሊፐሩን ፒኖች እይ፣ የደረቀ ፒን ያንኑ ምልክት ነው የሚሰጠው።