ፊቼ ጫምባላላ በማረሚያ ቤት፦ ቀኑና ቡርሳሜው እንዴት ይሁን? (ሀዋሳ)

ጥያቄ፦ ለሲዳማ ታራሚዎች የዘመን መለወጫ በዓላቸውን ፊቼ ጫምባላላን እያስተባበርን ነው። የፈቃድ ደብዳቤው ላይ ቀኑን ምን ብለን እንጻፍ? ቡርሳሜውስ (በቆጮና በቅቤ የሚሠራው የበዓሉ ምግብ) ፍተሻ ላይ እንዳይመለስብን?

መልስ 1፦ ቀን ቆርጣችሁ አትጻፉ፤ አያንቶዎች (ኮከብ ቆጣሪ ሽማግሌዎች) ኮከብ አይተው ነው የሚያውጁት። «በሚታወጀው ዕለት» በሉና የሚገቡትን ሽማግሌዎች ስም ዝርዝር ከመታወቂያ ኮፒ ጋር አሁኑኑ አስገቡ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፦ ፈቃድ መጠየቅ የሚጀመረው ቀኑ ከታወጀ በኋላ ስለሚሆን ይዘገያል።

መልስ 2፦ ቡርሳሜ ተሠርቶ ከመጣ ወረፋው ላይ ቅቤው ይረጋል፣ ፈታሽም ሲነካካው ይበላሻል። ቆጮውንና ቅቤውን ለየብቻ አስፈትሹ፣ እዚያው ወጥ ቤት ይሠራ። የሸክላ ሻፌታ (ቡርሳሜ የሚቀርብበት ዕቃ) ግን ሲሰበር ስለት ስለሆነ ላይፈቀድ ይችላል፤ የፕላስቲክ ሳህን ያዙ።

መልስ 3፦ ሰዓት ካጠረ ከጭፈራው ቀንሱ እንጂ የሽማግሌዎቹን ምክር አትንኩ። ስለ ሌብነትና ሐሰተኛ ምስክርነት የሚያነሱት እዚያ ነው።