የተረጎምኩትን የድሮ ጌም መሸጥ ይቻላል?

ሰላም ወገኖች፣ የሕግ ነገር የሚገባችሁ እርዱኝ። ያለሁት ባህር ዳር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የወጣ አንድ የጃፓን የሱፐር ኒንቴንዶ (የድሮ የቲቪ ጌም ማጫወቻ) ጌም ወደ አማርኛ ተርጉሜያለሁ። ፊደሉ ራሱ ፈተና ነበር፤ 8 በ8 የስክሪን ነጥብ ውስጥ «ማ» እና «ሟ» እንዲለዩ ማድረግ ዓይን ያጠፋል። የሰፈር ልጆች ግን በራሳቸው ቋንቋ እያነበቡ ሲጫወቱ ደስታቸው ልዩ ነው።

አሁን ግሽ ዓባይ አካባቢ ፊልም በፍላሽ የሚጭን ልጅ «እንሽጠውና እኩል እንካፈል» አለኝ። ብሩ ያስፈልገኛል፤ ግን ፈራሁ። የቅጂ መብት አዋጁን፣ ቁጥር 410/1996ን አየሁት። ሥራን የመተርጎም መብት የባለቤቱ ነው ይላል፤ የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ያካትታል።

ታዲያ ጌሙን ትቼ የትርጉም ፓቹን (ጌሙ ላይ ሲጫን ጽሑፉን ወደ አማርኛ የሚቀይረውን ፋይል) ብቻ ብሸጥስ? በነፃ ብለቀውስ ያስጠይቀኛል? ፈቃድ ልጠይቅ ብልስ ከየት ልጀምር? ልጁ መልስ እየጠበቀ ነው፤ የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ በሉኝ።