ዩኒፎርም ሰፊ ነኝ፤ ይህን ትእዛዝ ልቀበል ወይስ ልተው?

ሰላም ወገኖች። ደሴ ፒያሳ አካባቢ የተማሪ ዩኒፎርም የምሰፋበት ሱቅ አለኝ። ሥራዬን እወደዋለሁ። መስከረም ላይ ልጆች እኔ የሰፋሁትን ለብሰው ሲያልፉ ሳይ ልቤ ይሞላል።

ችግሩ ወቅቱ ነው። ጨርቅ የምገዛው ሰኔና ሐምሌ ነው፤ ገንዘቡ የሚመለሰው ግን ትምህርት ቤት ሲከፈት ነው። ከጥቅምት በኋላ ደግሞ ሱቁ ጭር ይላል። ያኔ ነው ምክሩ የሚጎርፈው። አንዱ ዘመዴ «ከባቲ ገበያ ልብስ እያመጣህ ሽጥ» ይለኛል። ሌላው ቬሎ ማከራየት ያዋጣል ይላል። ኮምቦልቻ ያለ ጓደኛዬ ደግሞ ለፋብሪካ ሠራተኞች የቱታ ትእዛዝ ሊያገኝልኝ ነው።

ንግዱንና ቬሎውን መተው አይከብደኝም፤ የጨርቅ መግዣዬን ይበሉብኛል። ቱታው ግን አሳስቦኛል። መኪናው ያው ነው፣ ሰፊዎቹም ያው ናቸው። ታዲያ ይህ ሥራዬን ማስፋት ነው ወይስ ከሥራዬ መውጣት? ትእዛዙ ነሐሴ ላይ ቢደራረብ የልጆቹን ዩኒፎርም ማን ይሰፋዋል? ወላጆች እኮ አምነውኝ ነው ቀብድ የሚሰጡኝ።

እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ምን ወሰናችሁ? ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ብቻ ብዬ በውል ብገድበው ፋብሪካ ይቀበለኛል? ዘመድንስ ሳያስቀይሙ እንዴት እምቢ ይባላል? «አብሽር» ብቻ ብላችሁ አትለፉኝ፤ ቁርጡን ንገሩኝ።